ያረገዘው ጠብመንጃ

የተኩስ ክበቡ አሰልጣኝ ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሸራ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ከረጢቱን ሳይሆን እጁን ነበር። ጥፍሩ ተከርክሟል፣ የእጅ ሰዓቱ ያበራል፣ ጣቶቹ አይንቀጠቀጡም። ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ የዚህን ሰው እጅ ስንት ጊዜ በሐሳቧ እንዳየችው እሷ ታውቃለች። በሐሳቧ ግን ሁልጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዚፑ እምቢ እንዳለው፣ መረቡም ጥጉ ላይ ተቃጥሎ እንደተበሳ ነገራት። ለውድድሩ እንድታደርስለት ለመናት፤ ልመናው ግን ከትእዛዝ አይተናነስም ነበር። ከአንቺ በቀር ይህን ነገር የሚያውቅበት የለም አላት።

«ሐዘን ላይ መሆንሽን አውቃለሁ፣ እህት ዓለም፤» አለ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራ ግን ያስረሳል።»

እሷም እውነት ነው አለችው። ሌላ ምን ትበል? ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ፣ ክር በሰም ታሽ የነበረችው እናቷ እጇን እንዳቆመች በጆሮዋ አውቃለች። ሰውየው ወጥቶ የመኪናው ድምፅ ከጎረቤታቸው ከጎማ ጠጋኙ ደጅ እስኪርቅ ድረስ ያ እጅ አልተንቀሳቀሰም።

«እሱ ነው?» አለች እናቷ።

«እሱ ነው።»

እናቷ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ጥላና ብርሃን ትለያለች እንጂ የሰው ፊት አታይም። ስለዚህ ጥያቄዋ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከሽታና ከድምፅ አያልፍም።

«ምን ምን ይላል?»

«ሳሙና ሳሙና፤» አለች ሸራ ሰፊዋ።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ጠብመንጃ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ባዶው ቀለሃ ደግሞ እንደጋለ በጎን ተወርውሮ መሬት ላይ ይወድቃል። ከከተማው ዳር ባለው የተኩስ ሜዳ ከድሮ ጀምሮ አንድ ደንብ አለ፤ መሬት የነካ ቀለሃ የለቃሚዎች ነው። ቀዩ ባንዲራ ሲሰቀል ይተኮሳል፤ ሲወርድ ተኳሾቹ ጠብመንጃቸውን ከፍተው ባዶነቱን ያሳያሉ፤ ከዚያ ለቃሚዎቹ ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ። የለቀሙትን ነሐስ ለቀጥቃጭ ያስረክባሉ። ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ነው። የሸራ ሰፊዋ ወንድም ከለቃሚዎቹ ሁሉ ፈጣኑና አፈኛው ነበር።

አሰልጣኙን ይህ ደንብ አንጀቱን ያሳርረው ነበር። ቀለሃው ታጥቦ፣ ተሞልቶ እንደገና እንደሚተኮስ ያውቃል፤ ለባልዲ መስጠቱ ያንገበግበዋል። ደንቡን ማፍረስ ግን አልቻለም። ስለዚህ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቀን መላ አገኘ፤ መሬት የነካ የለቃሚ ከሆነ፣ መሬት አይንካ። ከሩቅ አገር መጽሔት ላይ ያየውን ሥዕል ቀዶ አመጣ። ጠብመንጃው ጎን ላይ በሽቦ የሚንጠለጠል፣ አፉ ቀለሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚገጥም፣ ታችኛው ጫፉ በዚፕ የሚከፈት የመረብ ከረጢት ነው።

ሥዕሉን ወደ ሸራ ሰፊዋ ያመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሟ ራሱ።

«እትዬ፣ ዳቦዬን የሚነጥቀኝ ነገር ነው ይሄ፤» አላት፣ የተሰበረው ወንበር ላይ እንደልማዱ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ። «ግን ሌላ ሰው ከሚሰፋው አንቺ ስፊው። ቢያንስ ሌባው የቤት ሰው ይሁን።»

የመጀመሪያውን ከረጢት ለአሰልጣኙ ሰፋች። የጭነት መኪና ሸራና የሞተር ብስክሌት መቀመጫ ስትሰፋ ለኖረች ሴት ከባድ ሥራ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አላወቀችም፤ ቀለሃው እሳት ሆኖ ነው የሚወጣው። በሳምንቱ የመረቡ ወለል እንደ ሰም ቀልጦ ተመለሰላት። ከወለሉ በላይ ቁራጭ ቆዳ ደረበችበት። ስትቸኩል የቆዳውን ሦስት ጎን ሰፍታ አራተኛውን፣ ወደ ላይ የሚያየውን ጠርዝ፣ ሳትሰፋ ተወችው። በኋላ ክበቡ ለሌሎቹ ተኳሾችም ሲያዝዝ ዙሪያውን አጥብቃ ሰፋች። ያቺ የመጀመሪያዋ ብቻ እንደዚያው ቀረች።

ይህን ጉድለት ያወቀው ወንድሟ ነው። አሰልጣኙ ከረጢቱን በገዛ እጁ አራግፎ አያውቅም። ተኩሶ ሲጨርስ ጠብመንጃውን ወደ ጎን ዘርጋ ያደርጋል፤ ወንድሟ ተጠግቶ ዚፑን ይከፍታል፣ ቀለሃውን ወደ ክበቡ ሳጥን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ታዲያ አንዳንዱ ቀለሃ በተከፈተው ጠርዝ ሾልኮ ከቆዳው ጀርባ ይወሸቃል። ቢራገፍ አይወርድም፤ ቆዳው ሙቀቱ አኮማትሮት ጨምድዶ ይይዘዋል። ወንድሟ ሁለት ጣቱን ከቶ ያወጣውና ወደ ኪሱ ይልካል።

«መሬት አልነካም፤ ሳጥንም አልነካም፤» ይላል ቤት ሲመጣ፣ ቀለሃዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ እያንቃጨለ። «ድንበር ላይ የተገኘ ነው። እትዬ፣ ያቺን ቆዳ እንዳትሰፊያት። የኔ ርስት እሷ ናት።»

እሷም ትስቅ ነበር። አልሰፋችውም።

የሞተበት ቀን ክበቡ ለውድድሩ የመጣውን አዲስ ጥይት የሚሞክርበት ቀን ነበር። ጥይቱ ጀርባው ላይ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ እንዲህ ያለ በዚያ ሜዳ ታይቶ አያውቅም። አሰልጣኙ ለተኳሾቹ እያደለ፣ እሱ ራሱ ሳይተኩስ፣ ጠብመንጃውን አንግቶ ከኋላ ይንጎራደድ ነበር። ትልልቅ እንግዶችም ነበሩ። ወንድሟ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ በፊቱ ሲያልፍ ቆም አለና፣ ከጠብመንጃው ጎን የተንዘረጠጠውን ከረጢት አየት አድርጎ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ጠብመንጃዎ ያረገዘ ይመስላል። መቼ ነው የሚወልደው?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ሴትዮ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። አሰልጣኙ አልሳቀም።

ከዚያ ተተኮሰ፣ ባንዲራው ወረደ፣ ተኳሾቹ ጠብመንጃቸውን ከፍተው አሳዩ፣ ለቃሚዎቹ ገቡ። ወንድሟ እንደልማዱ ከፊት ነበር። ጎንበስ ሲል፣ የሰዉ ሁሉ ዓይን ወደ ሜዳው እንደሆነ፣ አንድ ተኩስ ተሰማ። ቀና ያለ ሁሉ ግራ ቀኝ ተያየ። ወንድሟ ብቻ ቀና አላለም።

መርማሪው መጣ። የተኳሾቹም የአሰልጣኙም ጠብመንጃ ባዶና ክፍት ሆኖ ተገኘ። ጥይቱ አካሉን አልፎ ከዒላማዎቹ ጀርባ ካለው የአፈር ግንብ ገብቷል፤ እዚያ አፈር ውስጥ ደግሞ የስንት ዘመን ጥይት ተቀብሯል። አሰልጣኙ በዕለቱ አንድም ጥይት እንዳልተኮሰ ተናገረ። የቆመበት መሬት ታየ፤ ቀለሃ የለም። ከረጢቱ ተገልብጦ ተራገፈ፤ ምንም አልወረደም። ተኩሱ ከኮረብታው ማዶ፣ ከአዳኞች የመጣ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አረንጓዴው ጥይት ከነሳጥኑ፣ ከመሬት የተለቀመው ቀለሃም ጭምር፣ ታሽጎ ተወሰደ። አሰልጣኙ ለቅሶ ደረሰ፤ ከፊት ተቀመጠ፣ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። የሸራ ሰፊዋ እናት ማን እንደተቀመጠ ሲነገራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ አሁን ያ ከረጢት ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

እናቷ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጇን እንዲመልሱላት እንደማትጠይቅ፣ ያ እንዳለፈ፣ ከእንግዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ተናገረች። «ሲጮህ መስማት ነው የምፈልገው፤» አለች። «እዚህ ተቀምጬ እንኳ ቢሆን፣ ሲጮህ።»

የሸራ ሰፊዋ ልብ ቀድሟት ሄዷል። ከረጢት ጠልቆ ካልተሰፋ ቀለሃው ነጥሮ እንደሚመለስ ታውቃለች። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ ተኳሽ ጉንጩን ተቃጥሎ ነበር። ሽቦውን ትንሽ ወደ ላይ ማጠፍ፣ የመረቡን ሆድ መቀነስ፣ አፉን ወደ ፊቱ ማዘንበል፣ ይኸው ነው። በውድድሩ መሐል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ባነጣጠረበት ሰዓት፣ የጋለ ነሐስ በዚያ በተከፈተው ዓይኑ። ማንም በእሷ አያመካኝም፤ የመሣሪያ ነገር ነው ይባላል።

ፒንሳዋን አነሳች። ሽቦውን አጠፈችው። እጇ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታውቀው አንጎራጎረች። ከዚያ ምላጭ ይዛ የመረቡን ስፌት መተርተር ጀመረች፤ ሆዱን ልትቀንስ። ወደ ወለሉ ስትደርስ ቆዳው ላይ አውራ ጣቷን ተጫነችው፤ ቆዳው መልሶ ገፋት።

ቆመች።

እንደገና ተጫነችው። የትንሽ ጣት የሚያህል ጠጣር ነገር ከሥሩ አለ። ወስፌዋን ከተከፈተው ጠርዝ አስገብታ ቆዳውን ቀስ ብላ ቀና አደረገችው፣ መብራቱን ወደ ራሷ ሳበች። ቀለሃ ናት፤ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ ተወሽቃለች። ዙሪያዋን አረንጓዴ ናት።

 ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የገባት። ያ ሰውዬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረጢቱን በገዛ እጁ ያራገፈው በዚያ ቀን፣ መርማሪው ሳይደርስ ነው፤ ምንም ሳይወርድ ሲቀር ቀለሃው መሬት ወድቆ የተለቀመ መስሎታል። የሚያራግፍለትን ሰው ስለገደለው።

«ምን አገኘሽ?» አለች እናቷ። የመተርተሩ ድምፅ ቆሞባታል።

ሸራ ሰፊዋ የእናቷን ጣት ይዛ ወደ ቆዳው ጠርዝ መራችው። ቀለሃዋን ሳታወጣት፣ እዚያው እንዳለች አስነካቻት። የዚያችን ቆዳ ታሪክ እናቷ ታውቀዋለች፤ ልጇ ስንት ጊዜ ተርኮላት አብራው ስቃለች። አሮጊቷ በጣቷ ጫፍ የቀለሃዋን ዙሪያ ዳሰሰች።

«የእሱ ርስት፤» አለች።

ከዚያ ክርክር ሆነ። እናቷ ሽቦው እንደታጠፈ ይሂድ ባይ ናት፤ ቀለሃዋንም ከዚያ በኋላ ለመርማሪው ማሳየት ይቻላል፤ ሁለቱም ይደረግ፣ መጀመሪያ ግን ይጩህ። ልጅቷ አይሆንም አለች። ቀለሃዋን አውጥታ ብትወስድ፣ ከኪስሽ ያወጣሽው ነው ትባላለች፤ ወሬው ቀድሞ ይደርሰውና ጠብመንጃው ድራሹ ይጠፋል። ጠብመንጃው ከሌለ ቀለሃዋ ዲዳ ናት። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በእሱ እጅ ላይ መገኘት አለባቸው። የውድድሩ ዕለት ዳኛዋ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ጠብመንጃና ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግታ ትፈትሻለች፤ መርማሪው፣ እንግዳው፣ ለቃሚው ሁሉ ይኖራል።

«ዓይኑስ?» አለች እናቷ፣ እንደ ልጅ አኩርፋ።

«አንዱ ዓይኑ ቢጠፋ በሌላኛው ይስቃል፤» አለቻት። «እኔ የምፈልገው ሁለቱም ዓይኑ እያየ ነው።»

እናቷ አሰበችበት፤ ይህኛው የተሻለ ሆኖ ታያት።

ሸራ ሰፊዋ ያጠፈችውን ሽቦ መልሳ አቀናችው። በሕይወቷ እንዲህ የተጠነቀቀችበት ስፌት የለም። ለጠላቷ የሠርግ ልብስ የምትሰፋ ይመስል ዚፑን ቀየረች፣ የተቃጠለውን መረብ ቆርጣ ተካች፣ ክሩን ሁለት ጊዜ በሰም አሸች። ቆዳውን አልነካችውም። ሲያልቅ ገልብጣ አራገፈችው፣ ግድግዳ ላይ መታችው፤ ቀለሃዋ ንቅንቅ አላለችም።

እንዳይለማመድበት ብላ ዛሬ ነገ ስትል ከረጢቱን እስከ ውድድሩ ዋዜማ አቆየችው። ሰውየው በሌላ ጠብመንጃ እየተለማመደ በስልክ ይነዘንዛታል፤ እሷም መረቡ አልመጣም፣ የስፌት መኪናዬ ተበላሸ ትለዋለች። በመጨረሻ ራሱ መጣ። ከረጢቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። ዚፑን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ደስ አለው። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

ሸራ ሰፊዋ መቀሷን አነሳች፤ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

«ይሄ ቆዳ ከላይ ክፍት ነው እንዴ?» አለ። «የሌሎቹ ዙሪያውን የተሰፋ መሰለኝ።»

«የእርስዎ የመጀመሪያው ነው፤» አለችው። በመቀሱ ጫፍ ወደ ቆዳው ጠቆመች። «ያ ቆዳ ደርቋል፤ አሁን መርፌ ብሰድበት ነገ በውድድሩ መሐል ይተረተርብዎታል። ውድድሩ ይለፍና ያምጡት፤ አዲስ አደርግልዎታለሁ።»

እጁን አወጣ። ጣቶቹ ከቆዳው ጠርዝ አንድ ጥፍር ያህል ርቀት ላይ ነበሩ።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው፤» አለ። በሩ ጋ ደርሶ እንደገና ዞረ። «ወንድምሽ ጎበዝ ልጅ ነበር። አፉ ብቻ ነበር… ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ፤» አለችው።

ሲሄድ መቀሱን ከእጇ ለማስለቀቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ መዘርጋት ነበረባት።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ሄዳ ጋሽ ማግኔትን ፈለገች። ከለቃሚዎቹ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ማግኔት ነሐስ አያነሳም፤ እሳቸው ግን ሣር ውስጥ የጠፋውን ሁሉ ስለሚያነሱ ወንድሟ ነው ስሙን ያወጣላቸው። የክበቡን ከረጢቶች ማራገፍ አሁን የእሳቸው ሥራ ሆኗል። ብዙ አልነገረቻቸውም። ነገ የአሰልጣኙን ከረጢት ሲያራግፉ፣ ወንድሜ እንደሚያደርገው ያድርጉ አለቻቸው። ሽማግሌው ፊቷን ትክ ብለው አዩና ሁለት ጣታቸውን አነሱ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። 

በማግስቱ ሜዳው በሰው ተሞላ። ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ጥላ ሥር ለስላሳ ይታደላል። መርማሪው ጠርሙስ ይዞ ከእንግዶቹ ጋር ይጫወት ነበር። እናቷን ማምጣት አልቻለችም፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ስለዚህ ሸራ ሰፊዋ ብቻዋን መጥታ፣ ከገመዱ ጥግ፣ ከዳኛዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆመች። ስትወጣ እናቷ እጇን ይዛ አንድ ነገር አደራ ብላታለች፤ ምንም እንዳያመልጥሽ፣ ሁሉንም አይተሽ ነይ።

ዳኛዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ ቀረቡ፤ ጠብመንጃቸው ታየ፣ ከረጢታቸውን ጋሽ ማግኔት እየከፈቱ አራገፉ፣ ባዶ ነው ተባለ፣ አለፉ። የአሰልጣኙ ተራ ሲደርስ ጭብጨባ ተነሳ። እሱም ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እጅ ነሣ፤ ጠብመንጃውን ወደ ጎን ዘርጋ አደረገ፤ ልክ ድሮ ለወንድሟ ዘርጋ እንደሚያደርገው፣ ሽማግሌውን እንኳ ሳያይ።

ጋሽ ማግኔት እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ። ዚፑን ከፈቱ፣ ገለበጡ፣ አራገፉ። ምንም የለም። ዳኛዋ ባዶ ልትል አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ሁለት ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ትንሽ ታገሉ፤ ቆዳው ጨምድዶ ይዟል። ከዚያ አወጧት፣ ከፍ አድርገው ለሁሉ አሳዩዋት፣ የቆርቆሮው ጠረጴዛ ላይ ጣሏት። ድምፅዋ ትንሽ ነበረች፤ ግን ሸራ ሰፊዋ ጋ ደረሰች።

«ወለደ፤» አሉ ጋሽ ማግኔት።

ወንድሟ የቀለደ ዕለት የነበሩት ለቃሚዎች ሁሉ ገባቸው። አንዱም አልሳቀም። ባልዲያቸውን መሬት ላይ እያኖሩ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

ዳኛዋ መነጽሯን አደረገች፣ ቀለሃዋን በእርሳስ ጫፍ ገለበጠቻት፣ አረንጓዴውን አየችው። ያንን የጥይት ሳጥን ከመርማሪው ጋር ሆና ያሸገችው እሷ ናት። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ያን ቀን አልተኮስኩም ብለህ አልነበረም?»

አሰልጣኙ ሊስቅ ሞከረ። ሽማግሌው በእጁ ይዞት መጥቶ ነው፣ ሥራው ቀለሃ መልቀም አይደል አለ። ጋሽ ማግኔት እስከ ክርናቸው የተራቆተውን እጃቸውን ዘርግተው ለዳኛዋም ለሕዝቡም አሳዩ። ወይም ሰፊዋ ናት የከተተችው አለ ሰውየው፤ ከእሷ ጋር ነበር የከረመው።

«ማንም ይክተታት፤» አለች ዳኛዋ። «የማን ጠብመንጃ እንደተኮሳት ቀለሃዋ ላይ ምልክት አለ። ይህን ለጀማሪዎች የምታስተምረው አንተ አይደለህ? ጠብመንጃውን አኑረው።»

መርማሪው ጠርሙሱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ እየመጣ ነበር። አሰልጣኙ ወደ መኪናው አቅጣጫ አየ፤ ለቃሚዎቹ ቆመውበታል። ጠብመንጃውን ከትከሻው ማውረድ ጀመረ። ሸራ ሰፊዋ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። ማንገቻው ከሰዓቱ ጋር ተጠላለፈበት፤ ሊያላቅቀው ሲታገል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ከዚያ አየችው። ይንቀጠቀጥ ነበር። በሐሳቧ ካየችው ሁሉ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የጠብመንጃው ብረት ቆርቆሮውን ሲነካ እንደ ጥርስ ተንገጫገጨ።

ይዘውት ሲያልፉ በእሷ በኩል ነው የመጡት። ቆመ፤ ያዡም አብሮት ቆመ። ፊቱ አመድ ሆኗል። ከእሷ በቀር ማንም እንዳይሰማው አድርጎ ተናገረ።

«ላስፈራራው ብዬ ነው። እግሩ ሥር ነበር የተኮስኩት፣ ይዘላል ብዬ። ሰዉ ይስቅበታል ብዬ… እሱ ጎንበስ አለ።»

ሸራ ሰፊዋ ፊቱን አየችው። ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀችው ንግግር ብዙ ነበር፤ ስትሰፋ፣ ስትተኛ፣ ውሃ ስትቀዳ ስታጠናው የከረመችው እርግማን ነበረ። አንዱም አልመጣላትም።

«ታዲያ ሳቁ?» አለችው።

ያዡ ክንዱን ሳበው። ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ ቀለሃዋንና ጠብመንጃውን አገጣጠሙ፤ ምልክቱ ልክ ሆነ። ፍርድ ቤቱም ፈረደበት። ሰው ሁሉ ብዙ ፈረዱበት አለ፤ እናቷ ትንሽ ነው አለች። ሸራ ሰፊዋ ከረጢት መስፋቷን አልተወችም፤ ክበቡ ዛሬም ያዝዛታል። የሁሉንም ቆዳ ግን አሁን ሦስት ጎኑን ብቻ ነው የምትሰፋው። ጋሽ ማግኔት አመሻሽ ላይ አንዳንዴ ብቅ ይሉና፣ ድንበር ላይ የተገኘ ነው ብለው አንድ ሁለት ቀለሃ ጠረጴዛዋ ላይ አንቃጭለው ይሄዳሉ።

ሱቁን ዘግተው ከጣውላው ወዲያ ሲቀመጡ እናቷ ክሩን ታቆምና ትጠይቃታለች። በየቀኑ ነው። ልጅቷም በየቀኑ ታወራላታለች፤ ጭብጨባውን፣ ባርኔጣውን፣ የጋሽ ማግኔትን ሁለት ጣት፣ የቆርቆሮውን ድምፅ።

«እጁስ?» ትላለች እናቷ፣ ወደፊት ዘንበል ብላ።

«ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«እንዴት አድርጎ?»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ እንዴት እንደሆነ ታሳያታለች። አሮጊቷ ፊቷ ይበራል፤ እንደገና አሳዪኝ ትላታለች፤ እንደገና ታሳያታለች።

«ሲያልፍሽ ምንም አላለሽም?»

«ምንም አላለኝም።»

ያንን ግን አንድም ቀን ነግራት አታውቅም። እናት ናት፤ ላስፈራራው ብዬ ነው ማለቱን ብትሰማ ምናልባት ትንሽ ታዝንለት ይሆናል። ሸራ ሰፊዋ ያቺን ታህል እንኳ እንዲያገኝ አትፈልግም። ቃሉን እሷ ናት የያዘችው፤ ቢያራግፏትም አይወርድም። መብራቱን ወደ ራሷ ትስብና፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቆዳ አንስታ፣ አንደኛውን ጎን መስፋት ትጀምራለች።